የሆድ ዳንስ ትምህርት በካይሮ፦ ስለ መምህርቷና ስለ ከበሮ መቺው
በካይሮ መሀል ከተማ በአንዲት ጠባብ አዳራሽ የሚሰጠውን ይህን የሆድ ዳንስ ትምህርት ከሌሎች የሚለየው የአስተማሪዎቹ አመጣጥ ነው። መምህርቷ የሠለጠነችው ግብፃዊው የውዝዋዜ ባለሙያ ማህሙድ ሬዳ እ.ኤ.አ. በ1959 ከመሠረቱት የሕዝብ ውዝዋዜ ቡድን በወጡ ባለሙያዎች እጅ በመሆኑ፣ ተማሪው ወገቡን ከማወዛወዙ በፊት አረማመዱንና የክንዱን አያያዝ እንዲያስተካክል አጥብቃ ትጠይቃለች፤ ይህም ጀማሪን ሊያሰለች ቢችልም ተገቢ ነው እላለሁ።

ከበሮ መቺው ደግሞ በሠርግ ቤት ያደገ፣ ኖታ የማያነብ ባለሙያ ሲሆን፣ መቅሱም የተባለውን ምት «ዱም ታክ፣ ታክ ዱም፣ ታክ» እያሰኘ በቃል ካስጠና በኋላ ጣብላ የተባለውን ከበሮውን አንሥቶ፣ ዱም ከቆዳው መሀል፣ ታክ ከጠርዙ እንደሚወጣ በጣቱ ያሳያል። ሳኢዲ የተባለው ሌላ ምት መሀሉ ላይ ሁለት ዱም ስለሚደራረብበት በጆሮ ለመለየት አያስቸግርም። እርሱ በማይገኝበት ቀን ግን የተቀዳ ሙዚቃ ተከፍቶ ሙሉ ክፍያ መጠየቁ አግባብ አይመስለኝም።