«ወርቅ ቅብ» ስንት ማይክሮን ነው? ጎንደር ፒያሳ የብር መስቀል ማስለበጥ

ፒያሳ ካሉት ብር ቤቶች በአንዱ የብር መስቀል «ወርቅ ቅቡልኝ» ብሎ የሰጠ ሰው በዚያው ቀን ይረከባል። ውልወላው ግሩም ነው፤ የፍልፍሉ ጠርዝ ሳይደፈጠጥ ይወጣል። ወርቁ ግን ስስ ነው፣ በጣም ስስ።

አማርኛችን «ቀባ»ን እና «ለበጠ»ን ይለያቸዋል። በኦሪት ዘጸአት ታቦቱ በውስጥም በውጭም በወርቅ ተለበጠ ነው የሚባለው፤ ልባስ ለበሰ ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ጊልድ» የወርቅ ቅጠል መለጠፉንም ወርቃማ ቀለም መቀባቱንም ባንድ ያጠቃልላል። እምብዛም የማይሰማው ሌላው የእንግሊዝኛ ቃል «ኢንኦሬት» (በወርቅ የተለበጠ) ደግሞ ወርቅ ከሚባልበት የላቲን ቃል ከ«አውሩም» የተወለደ ነው፤ እሱም ስለ ውፍረት አይናገርም። የገበያችን «ወርቅ ቅብ»ም እንደዚያው ስለሆነ፣ ደንበኛው መጠየቅ ያለበት የወርቁን ውፍረት በማይክሮን (በሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ነው።

በአሜሪካ ደንብ ወርቅ የለበሰ ብር «ቨርሜይ» ተብሎ እንዲሸጥ፣ ብሩ 92.5 በመቶ ንጹሕ፣ የወርቁም ውፍረት ቢያንስ 2.5 ማይክሮን መሆን አለበት። ፊቱ፣ ጀርባውና የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ተደምሮ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚሆን የአንገት መስቀል ለዚህ ውፍረት 0.19 ግራም ገደማ ወርቅ ይበላል። የዕለቱን የግራም ዋጋ በዚህ ስታባዙ ሊከፈል የሚገባው የወርቁ ዋጋ ይታወቃል። ጊዜውም ይሰላል፦ ወርቅ በሟሟበት በተለመደው የሲያናይድ (መርዛማ ኬሚካል) ውኃ መስቀሉ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት፣ በ0.2 አምፔር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ)፣ ምንም ሳይባክን 8 ደቂቃ ያህል ነው። እዚህ ቤት መስቀሉ ውኃው ውስጥ የሚቆየው 20 ሰከንድ ነው። በዚያው አምፔር ሲሰላ 0.1 ማይክሮን ይመጣል። ይህ መለበጥ ሳይሆን ማቅለም ነው፤ ከማተብና ከላብ ጋር ሲፋተግ ብሩ ቶሎ ብቅ ይላል።

ጊዜውን ለማሳጠር አምፔሩን ከፍ ማድረግ አያዋጣም። ጠርዙ ይቃጠላል፣ ቡናማ ይሆናል። በተለይ የእኛ ፍልፍል መስቀል ላይ ኤሌክትሪኩ ወደ ሹሉና ወደ ጠርዙ ስለሚሰበሰብ የቀዳዳዎቹ ውስጥ ሳይጠጣ ይቀራል። መፍትሔው ዝቅተኛ አምፔር፣ ረዘም ያለ ጊዜና መስቀሉን ቀስ እያሉ ማዞር ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ማጠቡ ላይ ነው። ከውልወላ በኋላ መስቀሉ በሶዳ ታጥቦ፣ በዲስቲልድ (በተንኖ በተጣራ) ውኃ ተለቅልቆ፣ ውኃው ሳይቆራረጥ ወጥ ሆኖ ፊቱ ላይ ሲወርድ ብቻ ይነከራል። ጠብታ ጠብታ ከሠራ ቅባት አለ። እዚህ ግን የታጠበውን መስቀል ባዶ እጅ ያነሣዋል፤ ወርቁም በአውራ ጣት አሻራ ልክ ይላጣል። የእጅ ጓንት ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ዕቃው መዳብ ወይም ነሐስ ከሆነ ከሥሩ ኒኬል እንዲገባ ጠይቁ። አለበለዚያ መዳቡ በወርቁ ውስጥ እያለፈ ወጥቶ ያጠቁረዋል። ቆዳችሁ በኒኬል የሚቆጣ ከሆነ ግን ብር ላይ ጸንታችሁ ቆዩ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የአሲዱ ሳህንና የወርቁ ውኃ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። ሲያናይድና አሲድ ከተቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሠራተኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ዛሬውኑ ይለያዩ።

ለውልወላ ወደዚህ ቤት ሂዱ። ለወርቁ ግን 2.5 ማይክሮን ብላችሁ በቃልም በደረሰኝም ተስማሙ፤ ለጥምቀት የሚፈለግ ከሆነ ወረፋው ሳይበዛ አስቀድማችሁ ስጡ። ማንጠልጠያው በእርሳስ የተበየደ ከሆነ መጀመሪያ በብር ብየዳ ይቀየር፤ እርሳሱ ላይ ወርቁ ጠቁሮ ነው የሚወጣው። ወደ ቤት ከገባ በኋላ በሎሚና በአመድ አትፈትጉት፤ ለብ ያለ ውኃ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።