አረንጓዴዋን ምልክት አትመኗት፦ ክላውድ ሲንክን ከዓመት በላይ ተጠቅሜ ያየሁት

ዋናውን አስቀድሜ ልበል። እየከፈልኩ የምጠቀምበት የክላውድ ማስቀመጫ ፋይሎቼን አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ያደርሳል። እኔን የሚያቃጥለኝ ሳያደርስ የሚቀርበት ጊዜ መኖሩ አይደለም፤ አለማድረሱን የማይነግረኝ መሆኑ ነው። ከዓመት በላይ ተጠቅሜበት ቅሬታዎቼን ስደረድራቸው ዞረው ዞረው እዚህችው ላይ ይወድቃሉ።

አገልግሎቱን በስም አልጠራውም። በዚህ ዘርፍ ያሉት በአሠራር እጅግም አይራራቁም። ድሮፕቦክስ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ ይዞት የወጣው ሐሳብ፣ ማለትም አንድ ፎልደር ይኖራል፣ እዚያ የገባ ሁሉ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይገኛል የሚለው (ሲንክ የሚባለው ይኸው ነው)፣ ጎግል ድራይቭ በ2012 ሲመጣም ብዙ አልተለወጠም። ስለዚህ የእኔ ብሶት የእናንተም ሊሆን ይችላል።

የእኔ አጠቃቀም እንዲህ ነው። ቢሮ ያለው ዴስክቶፕ ዊንዶውስ ነው፤ ላፕቶፑ ማክ። ሥራዬ ሰነድ ማረምና የቃለ መጠይቅ ድምፅ ማደራጀት ስለሆነ ፎልደሩ ውስጥ ጥቂት ትላልቅ የድምፅ ፋይሎችና ተቆጥረው የማያልቁ ትናንሽ ሰነዶች አሉ። ለሰነዶቹ አገልግሎቱን አመሰግናለሁ። ቢሮ ሴቭ ያደረግኩት ጽሑፍ ላፕቶፑን ስከፍት ጠብቆኝ ይገኛል፤ የተበላሸ ረቂቅ ሲያጋጥምም የትናንቱን ቅጂ ከዌብሳይቱ መመለስ ይቻላል። ስለ ምቾቱ ከዚህ በላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሲሠራ አይታይም፣ አለመታየቱም ጥሩነቱ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። አንድ ሰሞን የዊንዶውሱ አይከን ላይ «1 ፋይል በሂደት ላይ» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ አልጠፋ አለ። የትኛው ፋይል? አይናገርም። ጽሑፉን ሲጫኑት ያንኑ ጽሑፍ በትልቁ ያሳያል። አፑን ዘግቶ መክፈት፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ፣ ምንም ለውጥ የለም። ይባስ ብሎ ከዚያች አንድ ፋይል ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ ያሉት በሙሉ ከላፕቶፑ የሚመጣ ለውጥ መቀበል አቆሙ፤ አጠገባቸው ያለችው፣ «ሁሉም ደርሷል» የምትለው አረንጓዴ ምልክት ግን እንዳለች ነች። በመጨረሻ ያገኘሁት በጉልበት ሥራ ነው፦ ከፎልደሩ ግማሹን ወደ ውጭ አውጥቶ ማየት፣ የቀረውን እንደገና ለሁለት መክፈል፣ እንደገና ማየት። ጉዱ የተገኘው ማኩ ላይ የተፈጠረ አንድ ንዑስ ፎልደር ዘንድ ነው። የስሙ መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ነበረበት። ማክ ይህን ይቀበላል፤ ዊንዶውስ ግን በክፍት ቦታ ወይም በነጥብ የሚያልቅ ስም አይወድም። ሰርቨሩ፣ ማለትም የአገልግሎቱ ኮምፒውተር፣ ተቀብሎ አስቀምጦታል፣ ዊንዶውሱ ማውረድ አልቻለም፣ አፑም ከሁለቱ መሃል ቆሞ ዝም አለ። ክፍት ቦታ ደግሞ በዓይን አይታይ ነገር!

የስም ጉዳይ ከተነሳ ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙው «ስታክ አደረገ» የሚባለው ጣጣ ከዚህ ስለሚመጣ። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ኮለን፣ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ ስላሽ፣ የትምህርተ ጥቅስ ምልክትና የመሳሰሉትን ይከለክላል። ፋይንደር የሚባለው የማኩ ፋይል ማሳያ በበኩሉ ቀንን በስላሽ ከፋፍሎ የፋይል ስም ላይ መጻፍ ይፈቅዳል። ማክ ላይ «ስብሰባ 12/3» ብሎ የሰየመ ሰው ፋይሉ ዊንዶውስ ላይ ስሙ ተቀይሮ ቢያገኘው ወይም ጨርሶ ቢያጣው አይደነቅ። በአማርኛ የምንሰይም ሰዎች ደግሞ የራሳችን ወጥመድ አለን። የእኛ ሁለት ነጥብ (፡) ዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር ያልፋል፤ ከኪቦርዱ የሚወጣው የላቲን ኮለን ግን አያልፍም። ለዓይን አንድ ናቸው።

ርዝመቱም አለ። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል መመዝገቢያ ስልት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ የእንግሊዝኛው 1 ባይት። እንደ ዊንዶውስና ማክ ያለ ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት የሆነው ሊኑክስ በብዛት የሚጠቀምበት ኤክስት4 የሚባለው የፋይል ሥርዓት አንድ ስም ከ255 ባይት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ይህ ለእኛ 85 ፊደል ማለት ነው። ዊንዶውስ በባይት ሳይሆን በቁምፊ ስለሚለካ እስከ 255 ይፈቅዳል። እዚያ ተዝናንታችሁ የሰየማችሁት ረጅም የደብዳቤ ርዕስ ሊኑክስ ላይ ላይወርድ ይችላል። ዊንዶውስ ራሱም የድሮ ጠባዩን አልተወም፤ ከድራይቩ ፊደል ጀምሮ እስከ ፋይሉ ስም ያለው ሙሉ አድራሻ ከ260 ቁምፊ ሲያልፍ ብዙ ፕሮግራሞች አሁንም ፋይሉን መክፈት ያቅታቸዋል። ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሲደራረብ እዚያ መድረስ ቀላል ነው። ይህን ሁሉ አፑ ያውቃል። አንድ መስመር ጽፎ ቢነግረን ምን ነበረበት?

ቀጥሎ የሚመጣው «ኦንላይን ብቻ» የሚባለው ነገር ነው። ማይክሮሶፍት ይህን በ2017 ለዋንድራይቭ አምጥቶታል፤ ሌሎቹም የየራሳቸው አላቸው። ፋይሉ በፎልደሩ ውስጥ ከነስሙ ይታያል፣ ይዘቱ ግን ያለው ሰርቨር ላይ ነው፤ ስትከፍቱት ያን ጊዜ ይወርዳል። ዲስኩ ትንሽ ለሆነ ላፕቶፕ ብልህ መላ ነው፣ አልክድም። ችግሩ የትኛው ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ እንደሚቆይ የሚወስነው አፑ ራሱ መሆኑ ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ ያልተከፈተውን ሳይጠይቅ ከዲስኩ ያወጣዋል።

ኢንተርኔት በሌለበት ስብሰባ ላይ አንድ ቃለ መጠይቅ ማሰማት ነበረብኝ። ፋይሉ አለ። ስሙም፣ መጠኑም፣ የድምፅ ማጫወቻው አይከንም አለ። ሁለቴ ስነካው ትንሽ መስኮት ብቅ አለች፣ አሰበች አሰበችና ቁጥር ብቻ የሆነ የስህተት መልእክት ሰጠችኝ። ቀኝ ክሊክ አድርጌ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስገባ ሁለት መስመር ነበር። መጠን፦ 640 ሜጋባይት። ዲስክ ላይ የያዘው መጠን፦ 0 ባይት። ከዚያ ወዲህ አስፈላጊ ነገር ይዤ ከመውጣቴ በፊት የማየው አረንጓዴዋን ምልክት ሳይሆን ያንን ሁለተኛ መስመር ነው። ቀኝ ክሊክ ተደርጎ «ሁልጊዜ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ይቆይ» የሚለው ምርጫ ይገኛል፤ ለሥራ ፎልደሮች ሁሉ አብሩት። ባክአፕ ወደ ውጭ ዲስክ የምታደርጉ ከሆነ ደግሞ ይህ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ባክአፑ ወይ ባዶውን ቅርፊት ይገለብጣል፣ ወይ የክላውዱን ይዘት በሙሉ ካላወረድኩ ብሎ ኢንተርኔቱን ይጨርሳል።

ስለ ግጭት ኮፒዎች፣ ሁለት ኮምፒውተር ላይ አንድ ፋይል ሳይገናኝ ሲነካካ ስለሚፈጠሩት መንትያዎች፣ ከብዙዎች የተለየ አስተያየት አለኝ። ሰዎች በእነዚህ ኮፒዎች ይበሳጫሉ። እኔ አፑ ሁለቱንም ማስቀመጡን እደግፋለሁ፤ አንዱን መርጦ ሌላውን ቢጥል ነበር ጉዱ። ቅሬታዬ ኮፒው ሲፈጠር ምንም ድምፅ አለመኖሩ ነው። የባልደረባዬ እርማት ያለበት ሰነድ፣ ስሙ ላይ የኮምፒውተሯ ስምና ቀን ተለጥፎበት፣ ከዋናው ስር ተቀምጦ ኖሯል፤ እኛ ግን እርማት የሌለበትን ስናስተላልፍ ከረምን። መነሻው ደግሞ ሰዎች እንደሚያስቡት ሁለት ሰው አብሮ መጻፉ ብቻ አይደለም። ሴቭ አድርጎ ወዲያው የላፕቶፑን ክዳን መዝጋት ይበቃል። ኮምፒውተሩ ይተኛል፣ ለውጡ ሳይላክ ያድራል፣ በማግስቱ ሌላው ሰው አሮጌውን ከፍቶ ይሠራበታል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሂሳብ ሶፍትዌር ዳታቤዝ፣ የኢሜይል ማኅደር፣ የድምፅ ማቀነባበሪያ ፕሮጀክት የመሳሰሉትን ሲንክ በሚደረግ ፎልደር ውስጥ ሆነው አትሥሩባቸው። ፕሮግራሙ ገና እየጻፈባቸው ሳለ አፑ ግማሽ መንገድ ላይ ያነሳቸዋል። ዘግታችሁ ስትጨርሱ ኮፒያቸውን ብታስገቡ ይሻላል።

ፍጥነት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለለው ኢንተርኔት በሜጋቢት፣ ፋይል በሜጋባይት ስለሚለካ ነው፤ 1 ባይት 8 ቢት ነው። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 1 ጊጋባይት ፋይል ለመጫን፣ ምንም ነገር ባይሻማው እንኳ፣ 27 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የቤትና የቢሮ መስመሮች ደግሞ በአብዛኛው ከማውረድ ይልቅ በመጫን ደካማ ናቸው። አፑ የመጫኛውን መስመር ጠቅልሎ ሲይዘው ብራውዘሩም ይንቀራፈፋል፣ የቪዲዮ ስብሰባውም ይቆራረጣል። ሴቲንግ ውስጥ የመጫኛ ፍጥነት ገደብ ካለ ከመስመሩ አቅም ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ እኔ ዘንድ ትልቅ ለውጥ ያመጣው ይኸው ነው።

ግን እውነተኛው ልዩነት ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ የፋይል ትንሽ ክፍል ሲቀየር አፑ ምን ይልካል? የተለወጠውን ክፍል ብቻ የመላክ ዘዴ አዲስ ግኝት አይደለም፤ አንድሩ ትሪጄልና ፖል ማከራስ በ1996 ያወጡት አርሲንክ የተባለው የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ይሠራበት ነበር። ድሮፕቦክስም ፋይሉን በ4 ሜጋባይት ቁራሽ ይከፋፍልና የተቀየረውን ቁራሽ ብቻ ይልካል። እኔ የምከፍልበት ግን፣ የድምፅ ፋይሉ ላይ የተናጋሪውን ስም ባስተካክል፣ ያው ሙሉውን እንደ አዲስ ይጭነዋል። ለጥቂት ፊደል እርማት ግማሽ ሰዓት። ማስታወቂያው ላይ ይህ አልተጻፈም፤ የእርዳታ ገጾቹ ላይም ፈልጌ አጣሁት። ትናንሽ ፋይሎች በሺህ ሲቆጠሩም ያዘግማል፣ ለእያንዳንዱ ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር ስላለበት፤ የማትነኳቸውን አሮጌ ሰነዶች ዚፕ አድርጋችሁ ማስገባት ይቀላል።

የደንበኛ አገልግሎቱን በተመለከተ፦ ኢንተርኔትዎን ያረጋግጡ፣ አፑን ያዘምኑ፣ ከአካውንትዎ ወጥተው እንደገና ይግቡ። ምንም ብትጠይቁ መልሱ ይኸው ነው። ሦስተኛውን ምክር በጭፍን አትቀበሉ። ወደ ሰርቨር ያልሄደ ለውጥ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው፤ አፑ ያልተላኩ ለውጦች የሚቆዩበት መሸጋገሪያ ማኅደር የሚጠቀም ከሆነ አካውንቱን ማላቀቅ ያንን ማኅደር ሊጠርገው ይችላል። በኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) የጎግል ድራይቭ የዴስክቶፕ አፕ ተጠቃሚዎች ፋይሎቻቸው እንደጠፉ ሲያሳውቁ፣ ጎግል መፍትሔ እስኪያወጣ ድረስ የሰጠው ምክር ከአፑ ውስጥ አካውንታችሁን አታላቅቁ፣ የአፑንም የዳታ ፎልደር አትሰርዙ፣ አታንቀሳቅሱ የሚል ነበር። ማለትም የተለመደው ምክር ተቃራኒ።

ሲንክ ባክአፕ አለመሆኑን የማያውቅ ካለ ደግሞ፦ ዴስክቶፑ ላይ የጠፋ ላፕቶፑም ላይ ይጠፋል። ዌብሳይቱ ላይ ያለው መጣያ በብዙዎቹ ዘንድ 30 ቀን ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ የለም።

ታዲያ ለምን አልተውኩትም? ለሰነድ ሥራ የተሻለ አማራጭ ስላላገኘሁ ነው። ክፍያውን አድሻለሁ፤ አጠቃቀሜን ግን ቀይሬዋለሁ። የድምፅ ፋይሎቹ ወደ ውጭ ዲስክ ወጥተዋል፣ ሁለት ዲስክ፣ አንዱ ሁልጊዜ ሳይሰካ የሚቀመጥ። ክላውዱ ውስጥ የቀሩት ጽሑፎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ሁሉም «እዚህ ይቆይ» ተብለዋል። ሁለት ኮምፒውተር ብቻ ያለው ሰው ሲንክቲንግ የሚባለውን ፕሮግራም ቢያይም አይከፋም፤ ነፃ ነው፣ መሃል ላይ ማስቀመጫ ሰርቨር ሳይኖር ፋይሉን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በቀጥታ ያደርሳል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መብራት አለባቸው እንጂ።

አዲስ አገልግሎት ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት በነፃው መጠን ፈትኑት። ማክ ላይ መጨረሻው ክፍት ቦታ የሆነ ፎልደር ፍጠሩና ዊንዶውሱ ምን እንደሚላችሁ እዩ። ትልቅ ፋይል አስገብታችሁ ትንሽ ነገር ቀይሩና ስንት ሜጋባይት እንደሚልክ ተመልከቱ። ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ አንድ ሰነድ ሁለቱም ኮምፒውተር ላይ ቀይሩ፣ ከዚያ አብሩት። ግጭት መፈጠሩን በግልጽ ካላሳወቃችሁ፣ ወይም የቆመውን ፋይል በስሙ ካልጠራላችሁ፣ ገንዘባችሁን ያዙ።