ለስኳር ክትትል ክፍላችን የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ከነርሶቹ

ስሜን አትጻፉ ስላለችን አንጽፍም፤ ምስጋናችን ግን ይድረሳት። ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው እሷ ጋ ሲገባ «እንጀራ ተው» መባልን ጠብቆ ነው። እሷ ግን «ትናንት ከተነሱ ጀምሮ እስኪተኙ ምን ምን ቀመሱ?» ብላ ትጀምርና «ትሪው ላይ ስንት ሆናችሁ ነው የምትበሉት?» ትላለች።

ይቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ቀላል አይደለችም። ከአንድ ትሪ ሲበላ አንድ እንጀራ ይግባ ሁለት ማንም አይቆጥርም፤ ጉርሻማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ድርሻችሁን ለብቻ አውጡ ትላለች፤ የሳህኑ ግማሽ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ፣ የቀረው ሩብ እንጀራ። ድንች ከአትክልቱ ሳይሆን ከእንጀራው ጋር ነው የሚቆጠረው፤ እንጀራ በድንች ወይም እንጀራ በፓስታ የበላ ሰው ኃይል ሰጪውን ደራርቦ በልቷል። «ጤፍ ስኳር አይጨምርም» የሚለው ወሬም ብዙ ሰው አታሏል። መጠኑ ከበዛ ይጨምራል።

ሻዩ ላይ ማንኪያ ይዛ ታሳያለች። አፉ ድረስ የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በቀን 4 ስኒ በ3 በ3 ማንኪያ የሚጠጣ 48 ግራም ወሰደ ማለት ነው፤ ያውም ማንኪያው ካልተቆለለ። ባንዴ አታስቆምም፣ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ታስቀንሳለች፤ ምላስ ይለምዳላ። «በማር ብተካውስ?» ለሚላት መልሷ አጭር ነው፦ ማርም ስኳር ነው።

ሙያዋ በደንብ የሚታየው ጾም ሲገባ ነው። ግሊቤንክላማይድ (ስኳር የሚያወርድ ክኒን) የሚውጥ ወይም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ጠዋት መድኃኒቱን ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ከጾመ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል። መድኃኒቱን እሷ አትነካም፤ ሐኪሙ ሰዓቱንና መጠኑን እንዲያስተካክል ጾሙ ሳይገባ ትልካለች። ረመዳን ለሚጾሙትም እንደዚሁ፣ ሱሁር (ከንጋት በፊት የሚበላው) አይዘለልም። የደም ስኳሩ በመለኪያው ከ70 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከወረደ ጾሙ እዚያው ይፈታል፦ ሞላ ሞላ ያለ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ መለካት፣ ካልወጣ መድገም። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፣ ወደ ሕክምና ነው የሚወሰደው።

እንደ እሷ ያለ ባለሙያ ጋ ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ የስኳር መለኪያችሁንና የ3 ቀን የምግብ ማስታወሻ ያዙ (ጉርሻውም ይጻፍ)። ከምግብ በፊትና መብላት ከጀመራችሁ ከ2 ሰዓት በኋላ የተለካ ቁጥር ካለ ምክሩ ግምት አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው፤ የእናንተን ሐኪማችሁ ይወስናል። የደም ስኳርን የ3 ወር አማካይ የሚያሳየው የኤችቢኤዋንሲ ምርመራ ስለሆነ በ2 ሳምንት ተስፋ አትቁረጡ።

«መድኃኒትህን ጣል» የሚል ወይም «ስኳር ያድናል» ብሎ ዱቄት የሚሸጥ አማካሪ ካጋጠማችሁ ግን ተነሥታችሁ ውጡ። በምትከታተሉበት ቦታ ደግሞ «የሥነ ምግብ ባለሙያ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወረፋ ሲበዛ ሳንልካችሁ የምንቀርበት ቀን አለ።