ኤ ቲ ወይስ ኤም ቲ? ናይለን ወይስ ራዲያል? ጎማ ለጎጃም መንገድ

ጎማ መሸጫ ገብቶ ጥርሱ የገጠጠውን ማንሳት የብዙ ገዢ ልማድ ነው። እኛን ያስፈራን ጥርስ ጭቃውንም የሚያስፈራው ይመስለናል። ጎጃም ግን አንድ ዓይነት መንገድ የለውም። ደጀንን ለቆ ወደ ዓባይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት በአስፋልትና በቆላ ሙቀት ይወርዳል። ያው መኪና በክረምት ቢቸና ዙሪያ ከዋልካ ጥቁር ጭቃ ጋር ይታገላል፤ ወደ ጮቄ ተራራ ከወጣ ደግሞ ስለታም ድንጋይ ይጠብቀዋል። ሦስቱ ከጎማ የሚፈልጉት የተለያየ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚመለሰው ጥያቄ ብዙውን ኪሎ ሜትር የምትነዱት የት ነው የሚለው ነው።

ለፒክአፕ

ኤች ቲ የተጻፈበት የአስፋልት ጎማ ነው። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ይበቃል፤ ሌላ የምጨምርበት የለኝም።

የሚያከራክሩት ኤ ቲ (ለሁሉም መንገድ የሚባለው) እና ኤም ቲ (ለጭቃ የሚባለው) ናቸው። የኤም ቲ ጥርሶች ትልልቅ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ሰፊ ስለሆነ ጎማው ሲሽከረከር ጭቃውን አሽቀንጥሮ ይጥላል። ዋልካ ላይ ግን ይህን የሚያደርገው ፈጠን ብሎ ሲዞር ብቻ ነው። ቀስ ካለ ክፍተቱን ጭቃው እንደ ሊጥ ይሞላውና ያ ሁሉ ጥርስ እንዳለቀ ጎማ ይንሸራተታል። አስፋልት ላይ ሲወጣ ደግሞ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ነዳጅ ይጨምራል። ከሁሉ የሚከፋው በዝናብ ጊዜ ነው፤ መሬት የሚነካው ላስቲክ አነስተኛ በመሆኑ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ቶሎ አይቆምም። ኤ ቲ ጥርሱ ጠጋ ጠጋ ያለ ነው፤ ጥልቅ ጭቃ ውስጥ ከኤም ቲ ያንሳል፣ በኮረኮንችና በአስፋልት ግን ይበልጠዋል። እኔ ብጠየቅ፣ ክረምቱን ሙሉ ገጠር ለገጠር ከሚውል ሰው በቀር ለማንም ኤም ቲ አልመርጥም።

ከጥርሱ ይልቅ ጎኑን እዩ የምለው ተምሬበት ነው። ከሮብ ገበያ ወደ ድጓ ጽዮን ስወጣ አንድ የተሰነጠቀ ድንጋይ የኋላ ጎማዬን ጎን ሁለት ጣት ያህል ቀደደው። ጎሚስታው አመልካች ጣቱን በቀዳዳው አስገብቶ አወጣና፣ «ጋሼ፣ ጎን ነው፤ አይለጠፍም» አለኝ። ጥርሱ ገና አዲስ ነበር። ለቤት መኪና የተሠራ ስስ ጎማ ገዝቼ ኖሯል።

ለጭነት የሚሠራው ኤል ቲ የሚል ምልክት አለው። በ265/65 ባለ 17 ቸርኬ ጎማ ላይ ብናነጻጽር፣ የተለመደው የሸክም ቁጥሩ 112 ይላል፤ ይህም በአንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ማለት ነው። የከባዱ ኤል ቲ 120 ይላል፣ 1,400 ኪሎ ይሸከማል። ነገር ግን ይህን የሚሸከመው ጎኑ ላይ የተጻፈውን ያህል፣ ማለትም እስከ 80 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሲነፋ ነው። ኤል ቲ ገዝቶ እንደ ድሮው 35 የሚያስነፋ ሰው በከባድ ጎማ የተለመደውን ጎማ ያህል እንኳ አይሸከምም።

ለአይሱዙ

እዚህ ክርክሩ የናይለንና የራዲያል ነው። ለመለየት ጎኑ ላይ የተጻፈውን መጠን ማንበብ ይበቃል፤ ለምሳሌ በ7.50 እና በ16 መካከል ሰረዝ ካለ ናይለን፣ የ«አር» ፊደል ካለ ራዲያል ነው። በናይለን ጎማ ክሮቹ በሰያፍ ተደራርበው ስለሚተኙ ጎኑ ወፍራም ነው፤ ድንጋይ ይችላል፣ ዋጋውም ይቀላል። ግን ድርብርቡ በዞረ ቁጥር እርስ በርሱ ስለሚፋተግ ይግላል። ዓባይን ሲወርድ ደግሞ የፍሬኑ ሙቀት በቸርኬው አልፎ ይጨመርበታል። ራዲያል ክሮቹ ቀጥ ብለው የሚሻገሩ፣ ከጥርሱ ሥር የሽቦ መቀነት ያለው በመሆኑ ቀዝቀዝ ብሎ ይሄዳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ጤፍ ጭኖ ዓባይን የሚሻገር ራዲያል ይግዛ። ከቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ ድንች የሚያመላልስ በናይለኑ አይከስርም። ሁለቱን በአንድ አክሰል ላይ መቀላቀል ግን አደጋ ነው።

ጎኑ ላይ 122/118 የሚል ካያችሁ፣ የመጀመሪያው ለነጠላ፣ ሁለተኛው ከኋላ ጎን ለጎን ለሚታሰር ጥንድ የሸክም ቁጥር ነው፤ በአንድ ጎማ 1,500 እና 1,320 ኪሎ። የኋላዎቹ አራት ጎማዎች በድምሩ 5,280 ኪሎ ይችላሉ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ወደ ኩንታል ይመነዝረዋል፤ የመኪናው የራሱ ክብደት ግን በዚያው ውስጥ ነው።

ለፊት መስመር ያለው፣ ለኋላ ጥርስ ያለው ይሁን። ከጥንዱ አንዱ ሲያልቅ አንዱን ብቻ በአዲስ መተካት ቁጠባ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፍ ያለው አዲሱ ሸክሙን ብቻውን ይይዝና ቀድሞ ይፈነዳል። ከኮረኮንች ስትወጡም ወርዳችሁ በጥንዱ መካከል ድንጋይ መቀርቀሩን ተመልከቱ።

ከመክፈላችሁ በፊት

በጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ያለች ቁጥር አለች። 0917 ብትል በ2017 ዘጠነኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ችግሩ ቁጥሩ የፈረንጅ መሆኑ ነው። የእኛ ሰው «17»ን ሲያይ የራሱ 2017 ይመስለውና አዲስ ነው ብሎ ይገዛል፤ ጎማው ግን የተሠራው በየካቲት 2009 ነው። ሻጩ «ዓምና የገባ ነው» ቢል አልዋሸ ይሆናል፤ የገባው ዓምና ሊሆን ይችላል። ላስቲክ መደርደሪያ ላይም ሆኖ ያረጃል፤ ጎኑን አጠፍ ስታደርጉት ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ከታያችሁ ተዉት። ቁጥሯ ደግሞ በአንደኛው ጎን ብቻ ልትሆን ስለምትችል፣ ከድርድሩ አስወርዳችሁ ሁለቱንም ጎን አገላብጡ።