የቤት ወይስ የንግድ? የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዙ ከኪሎው በፊት ሰዓቱን ያስቡ

ባለ 12 ክፍል ፔንሲዮን የሚከፍት ሰውና አራት ልጆች ያሉት ቤተሰብ አንድ ሱቅ ገብተው አንድ ዓይነት ማሽን ገዝተው ሊወጡ ይችላሉ። ሁለቱም ፊቱ ላይ የተጻፈውን «8 ኪሎ» ያያሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ያስጭናሉ። ቤተሰቡ በማሽኑ አሥር ዓመት ሊገለገልበት ይችላል። ባለ ፔንሲዮኑ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጠጋኝ ፍለጋ ቢወጣ አይገርምም።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሳምንት አራት ጊዜ የሚያጥብ ቤተሰብ በዓመት 208፣ በአሥር ዓመት 2,080 ጊዜ ያጥባል። በፔንሲዮኑ ደግሞ በቀን የስምንት ክፍል አንሶላና ፎጣ ቢቀየርና ለአንዱ ክፍል 3 ኪሎ ብንይዝ 24 ኪሎ ልብስ ይሰበሰባል። ማሽኑን ሳያጨናንቁ 6 ኪሎ እየጨመሩ ቢያጥቡ በቀን አራት ዙር፣ በዓመት 1,460 ዙር ይሆናል። ቤተሰቡ በአሥር ዓመት የሚያጥበውን ፔንሲዮኑ በ17 ወር ገደማ ያዳርሰዋል። በዚህ ላይ አብዛኞቹ የቤት ማሽን ዋስትናዎች ለንግድ ሥራ የዋለ ማሽንን አይሸፍኑም፤ ይህ በዋስትና ወረቀቱ ላይ በደቃቃ ፊደል የሚጻፍ ነገር ነውና ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡት።

የንግድ ማሽን በዕድሜ ስንት እጥፍ ይበልጣል? የጀርመኑ ሚሌ የቤት ማሽኖቹን ለ20 ዓመት አገልግሎት እንደሚፈትሽ ይገልጻል። በሳምንት አምስት እጥበት፣ እያንዳንዱ በአማካይ ሁለት ሰዓት ተብሎ ሲሰላ ከ10,000 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ለአነስተኛ ሆቴሎችና ላውንደሪዎች የሚሠራቸው ማሽኖች ደግሞ እስከ 30,000 ሰዓት ታስበው የተሠሩ ናቸው። ሦስት እጥፍ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ የቤቱ ማሽን የጥጥ ልብስ ለማጠብ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲወስድ የንግዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። ስለዚህ የቤቱ 10,000 ሰዓት አምስት ሺህ እጥበት ሲሆን የንግዱ 30,000 ሰዓት ሠላሳ ሺህና ከዚያ በላይ ነው። ሚሌ በቤት ማሽኖች ውድ ከሚባሉት አንዱ በመሆኑ ርካሾቹ እዚህ ይደርሳሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ የልዩነቱን ስፋት ለማየት ግን ይበቃል። የንግዱ ማሽን ዋጋ አራት እጥፍ ቢሆን እንኳ በአንድ እጥበት ሲካፈል ይረክሳል። ይህ የሚሆነው ግን እጥበቱ ካለ ነው። በዓመት 208 ጊዜ የሚያጥበው ቤተሰብ ሠላሳ ሺሁን ለመጨረስ 144 ዓመት ያስፈልገዋል።

ኪሎውም ቢሆን አንድ ዓይነት ኪሎ አይደለም። በንግድ ማሽን ለአንድ ኪሎ ልብስ ከ9 እስከ 10 ሊትር የከበሮ ስፋት ይታሰባል። 8 ኪሎ የሚል የቤት ማሽን ከበሮ ግን ብዙውን ጊዜ 60 ሊትር አካባቢ ነው። ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ በቤት ማሽን የሚያስቸግሩት ለዚህ ነው፤ ውሃ ጠጥተው በአንድ ወገን ይከመሩና ማሽኑ ለመጭመቅ ሲነሣ ይንገጫገጫል፤ ያ መንገጫገጭ ደግሞ ከበሮው የሚዞርበት ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ላይ ያርፋል።

ማሽን የሚሞተው የት ላይ ነው?

የኩሽኔታው ነገር ሰፋ አድርጎ ማየት የሚያስፈልገው ነው፤ የቤትና የንግድ ማሽን ዋናው ልዩነት ያለው እዚያ ነው። በቤት ማሽን ውስጥ ልብሱን የሚያሽከረክረው ከበሮ የማይዝግ ብረት ቢሆንም ውሃውን የያዘው የውጭ ገንዳ አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ከበሮውን ከኋላ የሚይዘው ባለ ሦስት ክንፍ ድጋፍ በብዛት ከአልሙኒየም የሚሠራ ሲሆን ሳሙናና እርጥበት ቀስ እያሉ ይበሉታል። ኩሽኔታውን ከውሃ የሚጠብቀው አንድ የጎማ ቀለበት ነው። ጎማው ሲያረጅ ውሃ ይገባል፣ ግራሱ ይታጠባል፣ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ልብስ ሲጨምቅ ሊነሣ እንደተዘጋጀ አውሮፕላን ይጮኻል።

ኩሽኔታ ራሱ ርካሽ ዕቃ ነው። ጣጣው ብዙ አምራቾች የገንዳውን ሁለት ግማሾች በብሎን ማሰራቸውን ትተው በሙቀት አቅልጠው ማጣበቃቸው ነው። ያን ጊዜ ያለው ምርጫ ገንዳውን በመጋዝ መክፈት ወይም ገንዳውን ከነከበሮው መግዛት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላ ለ10 ዓመት መለዋወጫ እንዲቀርብ ቢያስገድድም፣ ከበሮና ኩሽኔታ ተጠቃለው እንዲሸጡ ፈቅዷል። እነሱ ዘንድ እንዲህ ከሆነ እኛ ዘንድ ጥያቄው የበለጠ ያስፈልጋል። ሻጩን «ገንዳው በብሎን የታሰረ ነው ወይስ የተጣበቀ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ካጡ ያንኑ ሞዴል የሚጠግን ባለሙያ ያናግሩ።

ሌላው የሚያዘናጋው ፊት ለፊት የሚለጠፈው «10 ዓመት ዋስትና» ነው። ያ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለ ኢንቨርተር ሞተሩ ብቻ የሚናገር ነው። ኩሽኔታው፣ የውሃ መጣያ ፓምፑ፣ ቦርዱና የበሩ ጎማ ከሞተሩ ቀድመው የሚያስቸግሩ ሆነው ሳለ ዋስትናው ውስጥ የሉም።

የንግዱ ማሽን ገንዳውም ከበሮውም የማይዝግ ብረት ነው፣ ኩሽኔታው ትልልቅ ነው፣ እንዲፈታም ታስቦ ይሠራል። ብዙዎቹ ውሃውን የሚጥሉት በፓምፕ ሳይሆን በሰፊ ቫልቭ ወደ ታች በመልቀቅ ስለሆነ ቁልፍና ሳንቲም ገብቶ የሚዘጋው ነገር ይቀንሳል።

መብራትና ውሃ

እዚህ ላይ የቤቱ ማሽን ያሸንፋል። በ220 ቮልት ሲንግል ፌዝ ይሠራል፣ ማሞቂያው 2 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው፣ መብራት ከፍና ዝቅ ለሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር ይበቃዋል። ከፍ ያለ የንግድ ማሽን 380 ቮልት ስሪ ፌዝ ስለሚፈልግ ቆጣሪ ለማስቀየር ማመልከትና መጠበቅ አለ። መሬት ላይ በብሎን የሚታሰረው ዓይነት ደግሞ የኮንክሪት መሠረት ይፈልጋል፤ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይታሰብም። በስፕሪንግ ላይ የተቀመጠው ዓይነት ውድ ነው። ሆኖም አጥብቆ ስለሚጨምቅ ክረምት ላይ አንሶላ በሚከማችበት ላውንደሪ ልዩነቱን ይከፍላል።

ውሃ ለሁለቱም ፈተና ነው። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይጠይቃሉ፤ ይህም የሮቶው ውሃ ከማሽኑ አምስት ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት ማለት ነው። ሮቶው ጣሪያ ላይ፣ ማሽኑ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ከሆነ ፓምፕ ሳይጨምሩ አይሞክሩት። ድሬዳዋን በመሳሰሉ ከባድ ውሃ ባለባቸው ከተሞች ማሞቂያው ላይ ኖራ ይጋገራል፤ ማሽኑ የንግድ ቢሆንም ከዚህ አያመልጥም። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት በባልዲ ሊሞላ የሚችለው ባለ ሁለት ገንዳው ርካሽ ማሽን ከሁሉም ይሻላል ባይ ነኝ፣ ጎረቤት ቢስቅም።

ለማን የቱ?

ለቤተሰብ የቤት ማሽን፤ ገንዳው የሚፈታ፣ መለዋወጫው መርካቶ የሚገኝ። በቀን ከአምስት ዙር በላይ ለሚያጥብ ሆቴል ወይም ላውንደሪ የንግድ ማሽን፤ ክርክር የለውም። መካከል ላይ ላለው ፔንሲዮን፣ መዋዕለ ሕፃናት ወይም የውበት ሳሎን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መጠኑ የቤት ማሽን ያህል ሆኖ ውስጡ የጠነከረውን አነስተኛ የንግድ ማሽን መግዛት ነው፤ አንዳንዶቹ በሲንግል ፌዝ ይሠራሉ። ሌላው ሁለት ተመሳሳይ የቤት ማሽኖች ገዝቶ ሥራውን ማካፈል ነው። ዕድሜያቸው አጭር ቢሆንም አንዱ ሲበላሽ ሥራ አይቆምም፣ የአንዱ ዕቃም ለሌላው ይሆናል። ካፒታሉ አነስተኛ ለሆነ ጀማሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ያገለገለ የሆቴል ማሽን በርካሽ ካገኙ በመጀመሪያ በምን እንደሚያሞቅ ይጠይቁ። ከቦይለር በሚመጣ እንፋሎት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ያለ ቦይለር ቀዝቃዛ ውሃ ያሽከረክራል እንጂ አያሞቅም። ከበሮውን በእጅ ወደ ላይ አንሥተው ይልቀቁት፤ ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው አልቋል። ከውጭ የመጣ ከሆነም ከኋላው ያለውን ሰሌዳ ያንብቡ። ከዱባይ የመጣው የኤሌክትሪክ ድግግሞሹ (ፍሪኩዌንሲው) እንደኛው 50 ኸርዝ ነው። ከሳዑዲ ዓረቢያና ከአሜሪካ የሚመጣው 60 ኸርዝ ሲሆን፣ የአሜሪካው በብዛት በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም።