ኤክስኮፒ ወይስ ሮቦኮፒ?

ዊንዶውስ ላይ አንድን ፎልደር ውስጡ ካለው ሁሉ ጋር ኮፒ ለማድረግ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ የሚጻፉት ሁለት ትእዛዞች፣ ኤክስኮፒ (xcopy) እና ሮቦኮፒ (robocopy)፣ ሁለቱም ይሠራሉ። ኤክስኮፒ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የዶስ ዘመን ሽማግሌ ነው፤ ለትንሽ ሥራ አያንስም። ግን የፋይሉ አድራሻ ከ254 ፊደል ሲያልፍ "ሜሞሪ አነሰኝ" የሚል ግራ የሚያጋባ መልእክት ሰጥቶ ቀጥ ይላል።

ሮቦኮፒ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ረጅም አድራሻ አያስጨንቀውም፣ ያልተለወጠ ፋይል ይዘላል፣ ኔትወርክ መሀል ላይ ቢቋረጥም ደጋግሞ ይሞክራል። እንዲያውም ያበዛዋል! ካልነገራችሁት በቀር አንድ የተቆለፈ ፋይል ላይ በየ30 ሰከንዱ እስከ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለዚህ የሙከራውን ቁጥር በ"አር" (/R)፣ የጥበቃውን ጊዜ በ"ደብሊው" (/W) አማራጭ ቀንሱለት። "ሚር" (/MIR) የሚባለው አማራጭ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። መነሻው ላይ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው ያጠፋል፣ ሁለቱን አድራሻዎች ካቀያየራችሁ አለቀላችሁ። መጀመሪያ "ኤል" (/L) ጨምሩበት፤ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ይዘረዝርላችኋል።

እኔ ለአንድ ለሁለት ፎልደር ኤክስኮፒ ይበቃኛል፣ ለባክአፕ ግን ያለ ጥያቄ ሮቦኮፒ። ብቻ ስክሪፕት (ትእዛዞች በተርታ የሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ ስታስገቡት፣ ሲጨርስ የውጤት ቁጥሩ 1 ቢሆን አትደንግጡ፣ ፋይሎቹ ተገልብጠዋል ማለት ነው፤ ስህተት የሚባለው ከ8 ጀምሮ ነው።