የአባቴ የእንጨት ስራ ቤት ውስጥ መኪና ቻርጅ የሚያደርግ መስመር ለሰራልን ልጅ

ይሄን ምስጋና ዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ወር አለፈኝ፣ ልጁ ይቅር ይበለኝ።

አባቴ አየር ጤና አካባቢ የእንጨት ስራ ቤት አለው፣ ስሪ ፌዝ (ኮረንቲው በሶስት ገመድ የሚመጣበት) ቆጣሪ የገባለት፣ መሰንጠቂያውም ኮምፕሬሰሩም በሱ ነው የሚሰሩት። እኔ ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ (የቤንዚን መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ቆሞ ሌላ ምን ልግዛ) እና ይሄን ሁሉ ማሽን የቻለ መብራት እያለ ለምን ሌላ ወጪ ብዬ ማታ ማታ እዛው ማሳደር ጀመርኩ። መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ "ማሽን ያዞረ መስመር መኪና አያቅተውም" ብሎ አንድ ሶኬት ከአምፖሎቹ መስመር ቀጠለልኝ፣ ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግረን ደግሞ በ40 አምፒር ቀይሮት ሄደ። ከዛ በኋላ ወርዶም አያውቅ፣ ጎበዝ ነው አልን። በሶስተኛው ሌሊት ዘበኛው ላስቲክ ሸተተኝ ብሎ ደወለ፣ ስንደርስ ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቁሯል፣ ስሩ ደግሞ የሰጋቱራ ክምር።

ከዛ ሰፈር ውስጥ ጠያይቀን ይሄን ልጅ አገኘነው። ፓናሉን ከፍቶ ገመዱን አየና "ጋሼ እግዜር ነው የጠበቀዎት" አለው አባቴን። ገመዱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ ቀጭን፣ ቻርጀሬ 32 አምፒር ይስባል፣ ብሬከሩ ደግሞ 40፣ ስለዚህ ገመዱ እየጋለ ብሬከሩ ዝም ብሎ ያየዋል ማለት ነው። ማሽን እኮ ተነስቶ ይጠፋል፣ መኪና ግን 6 ሰዓት ሙሉ ያለ እረፍት ይጎትታል አለኝ።

እኔ እንግዲያው ከማሽኑ ቀይ ሶኬት ላይ አድርግልኝ አልኩት። ሳቀና ፈቶ አሳየኝ፣ ባለ 4 እግር ነው፣ ሶስት ፌዝ (ኮረንቲ ያለባቸው) እና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው)፣ ኒውትራል የሚባል፣ ኮረንቲው የሚመለስበት ገመድ የለውም፣ ሞተሩ ስለማይፈልገው ማንም አልዘረጋውም። ቴስተሩን ሁለቱ ፌዝ ላይ ሲያደርገው 380 ምናምን ይላል፣ የኔ ቻርጀር የ220 ነው። ነክቼው ቢሆን ኖሮ!

ሌሎች ሁሉንም መስመር እንቀይር ብለው ዋጋ ቆልለውብን ነበር፣ እሱ ግን ከቆጣሪ እስከ ፓናል ያለው ባለ 10 ነው ጤነኛ ነው አይነካም ብሎ ከፓናሉ እስከ መኪናው ማቆሚያ ብቻ ባለ 6 ገመድ በፓይፕ አዲስ ዘረጋ፣ የራሱ ብሬከርና ኮረንቲ ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ አደረገለት፣ ፌዙንም ጭነት ከሌለበት መርጦ። ገመዱን መርካቶ አብረን ሄደን ነው የገዛነው፣ መዳቡን ልጦ እያየ ሁለት ሱቅ ጥሎ ወጣ።

በጣም የወደድኩለት ግን የኧርዙ ነገር ነው። ቻርጀሩ ኧርዝ አጣሁ ብሎ ቀይ እያበራ እምቢ ሲል አንድ ሰው ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር አገናኝተህ አታለው ብሎኝ ነበር። ስነግረው ፊቱ ተለወጠ፣ "ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የመኪናው አካል ራሱ ኮረንቲ ይሆናል፣ ልጆች አሉህ አይደል" አለና ቧንቧው አጠገብ ጉድጓድ አስቆፍሮ የመዳብ ዘንግ ቀበረ፣ ጨውና ከሰል ሞልቶ ውሃ አስጠጣው፣ ከዛ ለካው፣ አልበቃውም መሰለኝ ሁለተኛ ዘንግ ጨመረ። ያኔ አረንጓዴ በራ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሳልጠራው ማታ መጣ፣ መኪናው ቻርጅ ላይ እያለ ሙቀቱን በእጁ ዳበሰ፣ አጥፍቶ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ ብር ስሰጠው የመጀመሪያው ሂሳብ ውስጥ ነው ብሎ እምቢ። ቀን ማሽን ሲሰራ ቻርጀሩን 16 ላይ አድርገው፣ ማታ 32 ላይ መልሰው ብሎኝ እንደዛው እያደረግኩ ነው፣ ሶኬቱ ለብ እንኳን አይልም።

ስልኩን ለምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሱም ፈቅዷል። ብቻ ቀጠሮ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ያረፍዳል፣ አባቴ አሁን ሲጠራው ቡናውን የሚያስፈላው ከተባለው ሰዓት በኋላ ነው።